ትኩሳት የለም

ጋሽ ኃይለ መስቀልን አምቡላንስ የወሰዳቸው ማክሰኞ ጠዋት ነው። እንግዲህ ጉድ በሉ፤ ሰውየው መተንፈስ አቅቷቸው ከቤታቸው ሲወጡ፣ ሄዋን ደግሞ ኖርዝጌት ባለው ቢሮዋ ኮምፒውተር ላይ በስማቸው ትይዩ «ትኩሳት የለም» ብላ እየጻፈች ነበር። ጽፋ ሳትጨርስ ስልኳ ጮኸ።

«አባዬን ሆስፒታል ወስደውታል» አለቻት ልጃቸው መሲ። «ከባለፈው ሳምንት ጀምሮ ያንቀጠቅጠው ነበር። እኔ የሌሊት ሥራ ላይ ስለነበርኩ አላየሁትም። ሶ፣ አንቺ በየቀኑ ኮል ታደርጊለት የለም እንዴ? ምን ነበር የሚልሽ?»

ሄዋን ምን እንደሚሏት አሳምራ ታውቃለች። ስትጠይቃቸው የነበረውንም ታውቃለች፤ ጉዱ ያለው እሱ ላይ ነው።

የሄዋን ሥራ አዲስ መድኃኒት ከሚሞከርባቸው በሽተኞች ጋር በየቀኑ በስልክ መገናኘት ነው። መድኃኒቱ የሚገርም ነገር ነው። ባክቴሪያን ብቻ እያደነ የሚበላ ቫይረስ አለ፤ ሰውን አይነካም። እሱን ይይዙና የጂን መቀስ ያሸክሙታል። መቀሱ የት ጋ እንደሚቆርጥ የሚመራው ደግሞ አር ኤን ኤ ነው፤ የባክቴሪያውን ዘረ መል እየፈተሸ ሄዶ፣ መድኃኒት እንዳይነካው ያደረገው ቦታ ላይ ሲደርስ «እዚህ ጋ» ይለዋል፣ መቀሱም ይቆርጣል። በሽተኛው ይህንን እንደ ጭጋግ በጭንብል ይምገዋል። ሄዋን ለጋሽ ኃይለ መስቀል ይህን ስታስረዳቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን በዚህ ከተማ ታክሲ የነዱት ሰውዬ ትንሽ አሰቡና «ጂፒኤስ ያለው መቀስ በይኛ» አሏት። ከዚያ ወዲያ እሷም ለሌሎቹ የምታስረዳው በዚህ ነው።

እሳቸውን ወደ ሙከራው ያመጣቻቸው ራሷ ነች። የአባቷ ወዳጅ ነበሩ። በልጅነታቸው የያዛቸው ሳንባ ነቀርሳ ቢድንም ሳንባቸውን ቀዳዶት ሄዶ፣ ቀዳዳው ውስጥ ማንኛውንም ኪኒንና መርፌ የለመደ ባክቴሪያ ሰፍሮባቸዋል። በየክረምቱ ሆስፒታል መግባት ነው። «ጋሼ፣ ይሞክሩት፤ እኔ አለሁልዎ» አለቻቸው። አንቺ ካለሽማ ብለው ፈረሙ።

ታዲያ መድኃኒቱ አንድ ጠባይ አለው። ባክቴሪያው ሲሞት ዝም ብሎ አይሞትም፣ መርዙን ይተፋል። በአንዴ ብዙ ከሞተ ሰውነት ይቆጣል፣ ትኩሳት ይነሳል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ያኔ መድኃኒቱን አቁሞ፣ ሰውየውን አሳርፎ፣ ቀንሶ እንደገና መጀመር ነው። የሚናገር ሰው ካለ ቀላል ነገር ነው። ለዚህ ነው በየቀኑ የሚደወለው፤ ለዚህ ነው ጥያቄዎቹም ተጽፈው የተሰጧት። ቴርሞሜትሩ ስንት አለ? ብርድ ብርድ ብሎዎታል? አክታዎ ምን ዓይነት ቀለም አለው? አንድ በአንድ፣ ቃል በቃል አንብቢ ተብላለች።

ለፈረንጆቹ ታነባለች። እነሱም እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ይመልሳሉ፤ ስላክታቸው ሲያወሩማ አፍ ያስከፍታሉ። ለአማርኛ ተናጋሪዎቹ ግን እንዴት ተደርጎ ይነበባል? ስልኩ ይነሳል።

«እንዴት አደሩ፣ ጋሼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ እንዴት አደርሽ፣ ልጄ?»

«ተመስገን። ደህና ነዎት? መሲ ደህና ናት?»

«ሁላችንም ደህና ነን፣ ክብር ምስጋና ይግባው። እናትሽስ? እግሯን እንዴት አደረጋት?»

«ተሽሏታል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እሰይ። በያለሽበት ይጠብቅሽ፤ ክፉ አይንካሽ፤ እንጀራሽን ይባርክልሽ።»

«አሜን፣ አሜን።»

ይህን ሁሉ ተመርቆ ሲያበቃ ማን አባቱ ነው ስለ አክታ የሚጠይቅ? አሜን ትላለች፣ ስልኩን ትዘጋለች፣ «ትኩሳት የለም» ብላ ትጽፋለች። መቼም እኛ ሰዎች መቃብር አፋፍ ላይ ቆመንም እንዴት ነህ ብንባል መልሳችን ተመስገን ነው። ሰላምታ ነው እንጂ መልስ አይደለም። ይህን ሄዋን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ የተቀጠረችውም ሕዝቧን ታውቃለች ተብሎ ነው።

ይሉኝታ ብቻ ቢሆን ደግሞ ባልከፋ። በየሳምንቱ ሚቲንግ አለ። እዚያ ላይ የሙከራው ኃላፊ ዶክተር ሌዊ፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ረጋ ያለ ፈረንጅ፣ የሁሉንም በሽተኞች ሁኔታ ግድግዳው ላይ እያሳየ ያስረዳል። የሌሎቹ ጠያቂዎች በሽተኞች ትኩሳት ይታይባቸዋል። የሄዋን አማርኛ ተናጋሪዎች ግን ንጹሕ ናቸው። «ሄዋን ምን እያደረገች እንደሆነ ልትነግረን ይገባል» ብሎ ቀለደ አንድ ቀን፤ ሰዉ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ደስ አላት። አሁን ቢሮዋ ቁጭ ብላ ስልኩን በእጇ እንደያዘች ከሁሉም በላይ የቆጠቆጣት ያ ሳቋ ነው።

የዚያኑ ዕለት ጠዋትስ? ማውንት ቤከር ጣቢያ ትሬን እየጠበቀች ነበር የደወለችላቸው። ጋሽ ኃይለ መስቀል ምርቃታቸውን ጀመሩና መሃል ላይ ቆረጡት። ሲተነፍሱ ተሰማት፤ ስስ ጨርቅ ቀስ እያሉ ሲቀዱት የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነበረው።

«ጋሼ፣ ምነው?»

«ምንም፣ ምንም። ደረጃ ወጥቼ ነው።»

የጋሽ ኃይለ መስቀል ቤት ሬኒየር ቫሊ ውስጥ ምድር ቤት ነው፤ ደረጃ የሚባል ነገር የለውም። ሄዋን ስንት ጊዜ ሄዳ በልታ ጠጥታበታለች። ታውቃለች። ትሬኑ መጣ፣ «በሉ ደህና ይዋሉ» አለች፣ ገባች። መቀመጫ ካገኘች በኋላ ልቧ አንዴ ነካ አደረጋት፤ ነገ ደህና አድርጌ እጠይቃቸዋለሁ ብላ አስታገሰችው።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ስትደርስ ጋሽ ኃይለ መስቀል ኦክስጅን ተደርጎላቸው ቀና ብለው ተደግፈዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። መሲ በአንድ ወገን፣ ዶክተር ሌዊ በሌላ ወገን ቆመዋል። ጋሽ ኃይለ መስቀል ሄዋንን ሲያዩ ዓይናቸው ፈካ አለ፣ ይህ ደግሞ የባሰ ነው።

ዶክተር ሌዊ ጎንበስ ብሎ «ትኩሳቱ ከጀመረ ቆይቷል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ሄዋን አሁን እናገራለሁ አለች በሆዷ። አሁን። አፏን ልትከፍት ስትል ጋሽ ኃይለ መስቀል ጭንብሉን ከፍ አደረጉና በዚያ በታክሲ እንግሊዝኛቸው ቀደሟት።

«እሷ ትጠይቀኛለች። በየቀኑ ትኩሳት አለህ ወይ፣ አክታ እንዴት ነው፣ ሁሉንም ትጠይቃለች። የለም እያልኩ የዋሸኋት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

መሲ አባቷን አየቻቸው። «አባዬ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የምትለኝ አንተ አልነበርክ?» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ወጣች። ዶክተር ሌዊ ራሱን ነቀነቀ፣ የሆነ ነገር ጻፈና ተከትሏት ሄደ። ሄዋን ወደ አልጋው ቀረበች።

«ጋሼ፣ ለምን እንዲህ አሉ?»

«እንጀራሽን ሊያሳጡሽ ነው እንዴ? ዝም በይ በቃ» አሏት በየቃሉ መሃል እየተነፈሱ። «ደግሞ እኔም አውቄ ነው። ታመምኩ ብልሽ ሥራሽ ይበላሽብሻል ብዬ ነው። እሷ አምጥታኝ ላሳፍራት? አልኩ።»

እሷ እሳቸውን እንዳታስቀይም፣ እሳቸው እሷን እንዳያሳፍሩ፣ ሁለት ሰዎች በየጠዋቱ ተመስገን እየተባባሉ አንደኛው ሊሞት። ሄዋን እጃቸውን ሳመች። ይቅርታ ልትል ፈልጋ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች።

ኮሪደሩ ላይ ዶክተር ሌዊ ጠበቃት። ትከሻዋን ነካ አደረጋት፤ ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ የሚገባሽን አድርገሻል፣ አላት። ቀጠለና ያሰበውን ነገራት። ለሚቀጥለው ዙር ሰው ሊመዘገብ ነው፤ ከእንግዲህ ግን በስልክ መጠየቅ ይቀራል፣ እንግሊዝኛ አንብበው ስሜታቸውን ራሳቸው አፕ ላይ መሙላት የሚችሉት ብቻ ይገባሉ። «በአንዳንድ ባህል ሰው ሕመሙን ለሐኪም አይናገርም፤ አልፈርድባቸውም። ግን የማይናገር ሰው በዚህ መድኃኒት ይሞትብኛል፣ ገባሽ?» አላት።

«ኦኬ» አለች ሄዋን።

ይቺን ኦኬ እስክትሞት አትረሳትም። የጠየቀችውን የመለሱ ሽማግሌ ውሸታም ሲባሉ፣ ሕዝቧ ሁሉ በእሳቸው ስም በር ሲዘጋበት፣ ኦኬ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ጭንብል ውስጥ ናቸው፣ ሌላዋ ኦኬ አለች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ሄዋን ግን ሲያድር ጭራሽ ጨለመባት። ጋሽ ኃይለ መስቀል እየተሻላቸው ነው ሲሏት እንኳ እፎይ አላለችም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ዘመሩ፣ እሷ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ፓስተሩ ምን እንደሰበኩ ቢጠይቋት አታውቀውም። ሲወጡ ውባንቺ ደረጃው ላይ ያዘቻት። የውባንቺ ባል ፍስሐ ያው ባክቴሪያ ነው ያለበት፤ የሚቀጥለውን ዙር እንደ ትንሣኤ ነው የሚጠብቁት።

«ተባረኪ፣ ሄዋንዬ። መቼ ነው ምዝገባው? እኛ እኮ በጾም በጸሎት ይዘነዋል።»

«ገና ነው» አለች ሄዋን። «ትንሽ የሚስተካከል ነገር አለ።»

«በእኚያ ሰውዬ ምክንያት ነው አይደል? ደብቀው ራሳቸውን ሊገድሉ ነበር አሉ። ምን ዓይነት ሰው ነው፣ የሚጠይቀውን ሐኪም የሚዋሽ?» ውባንቺ ራሷን ነቀነቀች። «የኔ ባል እንደሆነ አይደብቅም። እንግሊዝኛው ነው እንጂ ትንሽ የሚያስቸግረው፣ ሌላ ምንም የለበትም።»

ፍስሐ ከኋላዋ ቆሞ በመሐረብ አፉን ይዞ ይስላል። ለሄዋን በዓይኑ ሰላም አላት። ሄዋን የመኪናዋን ቁልፍ ከቦርሳዋ አወጣች። ፓርክ ያደረገችበትን ረስታ መንገዱን ሁለቴ ዞረችው።

በነጋታው ዶክተር ሌዊ ቢሮ ገብታ በሩን ዘጋች።

«ጋሽ ኃይለ መስቀል አልዋሹኝም» አለች። «አልጠየቅኳቸውም።»

እንዴት እንዳልጠየቀች ነገረችው። ፈረንጅ ነው፣ ይህን ማስረዳት ደግሞ የራሱ መከራ አለው። እንዴት አደሩ ማለት ጥያቄ አይደለም፣ ተመስገንም መልስ አይደለም፤ በአገራችን ይህ በር ማንኳኳት ነው፣ ቤት መግባት ገና ነው አለችው። እኔ አንኳኩቼ እየተመለስኩ ገባሁ ብዬ ጻፍኩ። ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ሰምቼ ትሬን ገባሁ። እዚህ ስታመሰግነኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች፤ ማባበያ ፈልጌ እንዳይመስለው ብላ ፈርታ ቶሎ ነው የጠረገችው።

ዶክተር ሌዊ አልጮኸም። ቢጮህ በተሻለ ነበር። «ሌሎቹንም እንዲህ ነው የጠየቅሽው?» አለ።

«አማርኛ የሚናገሩትን ሁሉ።»

ተነሳና ስልኩን አነሳ። ያን ዕለት ነርሶች ከአስተርጓሚ ጋር ሆነው ሁሉንም አንድ በአንድ፣ ቴርሞሜትር አስይዘው ጠየቁ። ሁለቱ ትኩሳት ተገኘባቸው። አንዷ ወይዘሮ ውብአየሁ ናቸው፤ እሳቸው እንኳ «ሄዋን ስላልጠየቀችኝ አያሰጋም ብዬ ነው» አሉ። መድኃኒታቸው በጊዜ ቆመ፣ ምንም አልሆኑም። ሄዋን ይህን የሰማችው ዕቃዋን ስትሰበስብ ነው፤ ጉዳዩ እስኪጣራ ሥራ አትገባም ተብላለች።

«ስለሚቀጥለው ዙር ያልከውስ?» ብላ ጠየቀች ከመውጣቷ በፊት።

«አንቺ ባጠፋሽው በሽተኛ አይቀጣም» አላት ዶክተር ሌዊ። «ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሰው ይጠይቃቸዋል። የሚጠይቅ ሰው።»

ለፍስሐ በሩ ተከፈተለት ማለት ነው። ሄዋን ተናግሬ ስወጣ ይቀለኛል ብላ ነበር። ትንሽ ቀለላት፤ ውሸት አይወራም። የቀረው ጋሽ ኃይለ መስቀልን ይቅርታ መጠየቅ ነው አለች፤ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ አንድ ከሰዓት ብርቱካን ገዝታ ሄደች።

በሩን የከፈተችላት መሲ ናት። ሁሉን ሰምታለች፤ ሄዋንን አላቀፈቻትም፣ አልሰደበቻትምም። «እስቲ አንቺ ተናገሪው፣ እኔንማ አልሰማኝም» አለቻትና ወደ ሳሎኑ ጠቆመቻት።

ጋሽ ኃይለ መስቀል ነጠላቸውን አደግድገው ወደ ምሥራቅ ዞረው ቆመዋል። ሄዋን እያየች በጉልበታቸው ወረዱ፣ ግንባራቸው ምንጣፉን ነካ፣ ተነሡ። ሲነሡ ግድግዳውን ያዙ። ያ የጨርቅ መቀደድ የሚመስለው ትንፋሽ አሁንም አለ፣ ቀነስ ብሎ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው? ይቀመጡ እንጂ።»

«መጣሽ? ቁጭ በይ፣ ልጄ። እኔ ቀኖናዬን ልጨርስ።»

«የምን ቀኖና?»

«ዋሽቻለሁ አይደል? ሆስፒታል ሳለሁ የንስሐ አባቴ ሊጠይቁኝ መጡ፤ ነገርኳቸው። የታመምክ ሰው ነህ፣ አልጋህ ላይ ሆነህ ጸልይ አሉኝ። ለታመመው ሳይሆን ለዋሸው ስጡኝ አልኳቸው። እንግዲያው ስትድን ትሰግዳለህ አሉኝ።» ትንሽ ተነፈሱ። «ድኛለሁ፤ ሆስፒታሉ አስወጥቶኛል።»

ሄዋን ብርቱካኑን መሬት አስቀመጠች። እሷ ለዶክተሩ ተናግሬ ጨረስኩ ስትል፣ እሳቸው ገና መዳን በጀመረ ሳንባ የሷን ነገር እየተሸከሙ ነበር።

«ጋሼ፣ እኮ እኔ ተናግሬያለሁ። አልጠየቅኳቸውም ብዬ ሁሉንም ነግሬዋለሁ። ከእንግዲህ እርስዎ ላይ ምንም የለም።»

«ሰምቻለሁ። ዶክተሩ ደወለልኝ። ደግ አደረግሽ፤ አባትሽ ቢኖር ደስ ይለው ነበር» አሉ። ቁጣ የለባቸውም፣ ፊታቸው እንደ ድሮው ነው። «ግን የተናገርሽው ያንቺን ነው። እኔ ዓይኑን እያየሁ የዋሸሁት የኔ ነው። አንቺ በአፌ ገብተሽ አልዋሸሽም።»

«ለኔ ብለው እኮ ነው።»

«ላንቺ ብዬ ነው። ቢሆንም ምላሱ የኔ ነው።»

«እኔ ልስገድልዎ፤ ተቀምጠው ይቁጠሩልኝ።»

ጋሽ ኃይለ መስቀል ሳቁ፣ ሳቁ ሳል አመጣባቸው፣ መሲ ከበሩ ላይ አንድ እርምጃ ቀረበች፣ በእጃቸው መለሷት። «ጴንጤ ሰግዳልኝ ልጸድቅ? ንስሐ በውክልና አይሆንም፣ ልጄ። ቢሆንማ ሀብታም ሁሉ ገነት በገባ» አሉ።

ሄዋን ልትስቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም። ተንበርክካ እግራቸውን ያዘች፤ ይማሩኝ፣ ጋሼ፣ አለች። ምሬሻለሁ፣ ተነሽ፣ አሏት፤ ወዲያው ነው ያሉት፣ ሳያስቡ፣ ቆይቶ የተጠራቀመ ቂም እንኳ አልነበራቸውም። ብለምናቸውም ይቆጡኛል ብላ የመጣችባቸው ሰውዬ ምንም ሳያስከፍሏት ማሯት፤ ይኸው ነው የገደላት።

«ብዙ ይቀርዎታል?» አለች ከተነሣች በኋላ።

«መጀመሬ ነው።»

ነጠላቸውን አስተካከሉና ወረዱ። ግንባራቸው ምንጣፉ ላይ እንዳለ ሳሉ፣ ጀርባቸው እየተንቀጠቀጠ ቆዩ፣ መነሣት አቃታቸው። ሄዋን ሮጣ በክንዳቸው አነሣቻቸው። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ድረስ ተደግፈዋት ቆሙ። ከዚያ ጣቶቿን ቀስ አድርገው ከክንዳቸው ላይ አላቀቁና፣ ብቻቸውን እንደገና ወረዱ።